«እኔማ ድሮም ጠርጥሬው ነበር» ከመባሉ በፊት፦ በዩኒቨርሲቲ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ላይ የአንባቢን አስተያየት እንዴት እንሰበስባለን?

በልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ላይ የሚደረግ ውይይት የሚበላሸው ሰው ስለማይናገር አይደለም። ሁሉም ይናገራል። ችግሩ፣ አንባቢው መጨረሻውን ካወቀ በኋላ የሚናገረው ነገር ሲያነብ የተሰማው አለመሆኑ ነው። ወንጀለኛው አማካሪው መምህር ሆኖ ከተገኘ ግማሹ ቤት «እኔማ ድሮም ጠርጥሬው ነበር» ይላል። የሚዋሽ ሰው የለም፤ ከልባቸው ነው። አእምሮ ውጤቱን ካወቀ በኋላ የቀድሞ ግምቱን ከውጤቱ ጋር አስማምቶ ያስታውሳል። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ባሩክ ፊሽሆፍ ይህን በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አሳይቷል።

ሳይኮሎጂካል ትሪለር የምንለው ሥነ ልቡናዊ ልብ አንጠልጣይ ደግሞ ዋጋው ያለው እዚያው ላይ ነው፦ አንባቢው የት ላይ ተታለለ? በምን ተታለለ? ደራሲው ያታለለው በአግባቡ ነው ወይስ በማጭበርበር? ይህን ለማወቅ አስተያየቱ መጽሐፉ ሳያልቅ ወረቀት ላይ መስፈር አለበት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። የታሰበውም መሐል አዲስ አበባ ላይ ለሚገናኝ፣ ከሰባት እስከ አሥር ሰው ላለው የንባብ ክበብ ነው። ከሰባት ካነሰ ግምቶቹ ይመሳሰላሉ፤ ከአሥር ካለፈ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ደቂቃ ያልቃል።

ቅጂው፣ ገጹና ማቆሚያው

በመጀመሪያ አንድ አዘጋጅ ምረጡ። አዘጋጁ መጽሐፉን ቀድሞ ጨርሶ ያነባል፤ ስለዚህ ግምት ውስጥ አይገባም፣ ፍንጭም አይሰጥም። ፊቱ ላይ ሁሉ ነገር የሚነበብ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መጽሐፉን ከመደብርም ሆነ ከአዟሪ ስትገዙ የኅትመቱን ዙር አስተያዩ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ኅትመት ፊደሉ ከተቀነሰ ገጾቹ አይገጥሙም። አንዱ «ገጽ 114» ሲል ሌላው ሌላ ትዕይንት ያወጣና ግማሽ ሰዓት በፍለጋ ያልቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁሉም ሰው በምዕራፍና በአንቀጽ ይጥቀስ፦ «ምዕራፍ 9፣ አራተኛው አንቀጽ»። ያገለገለ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ገጾቹን ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ ቁጥሩ መቀጠሉን እዩ። መጽሐፍ የሚጠረዘው በእጥፍ በእጥፍ ስለሆነ፣ ሲጎድል ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አሥራ ስድስት ገጽ በአንዴ ነው። በሌላ ልቦለድ አንባቢው ጉድለቱን ያውቃል። በዚህ ዓይነቱ ግን «ደራሲው ሆን ብሎ የዘለለው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጠርዝ ላይ የቀድሞ አንባቢ በእርሳስ የጻፈው ካለም አጥፉት፤ አንድ «እሱ ነው» የምትል ቃል መጽሐፉን በሙሉ ትገድላለች።

በቴሌግራም የሚዞረውን የተቃኘ ቅጂ አትጠቀሙ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የቅጂ መብት ይጠብቃል። ከዚያም ባሻገር ቅጂው ብዙ ጊዜ የጎደለ ወይም የተገለበጠ ገጽ አለው። ገንዘብ ከተቸገራችሁ ሁለት ሰው አንድ መጽሐፍ ይግዛና በየማቆሚያው፣ ማለትም ንባቡ ለጊዜው በሚቆምበት ቦታ፣ ይለዋወጥ።

ማቆሚያዎቹን አዘጋጁ ይወስናል። 320 ገጽ ባለው መጽሐፍ የመጀመሪያው ማቆሚያ ገጽ 100 አካባቢ፣ ሁለተኛው ገጽ 240 አካባቢ፣ ሦስተኛው መጨረሻው ላይ ይሆናል። ቁጥሩን ግን እንደ ሕግ አትያዙት። ማቆሚያ ምዕራፍ ሲያልቅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ታሪኩ ከመገልበጡ በፊት መሆን አለበት። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ምዕራፎች የሚዘጉት አንባቢን አንጠልጥለው ስለሆነ፣ ማቆም ከባድ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ከአንድ ሳምንት በላይ አትስጡ። ሳምንት ሲያልፍ አንባቢው ወይ ይረሳል፣ ወይ አላስችል ብሎት ወደፊት ያነባል። ወደፊት ያነበበ ሰው እንዳይደብቅ «አልፌያለሁ» የሚል ምልክት ይኑራችሁና እንደ አዘጋጁ ከግምት ይውጣ። አይወቀስም፤ ግምቱ ግን አይቆጠርም።

የግምት ወረቀት

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ። ግማሽ ኤ-ፎር ወረቀት በቂ ነው። አንባቢው ማቆሚያው ላይ እንደደረሰ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር፣ አራት ነገር ይጽፋል፦

1. አሁን የማምነው ማንን ነው? የማላምነውስ?
2. ምን ይሆናል ብዬ እገምታለሁ? አንድ ግምት ብቻ።
3. ለግምቴ ያበቃኝ የትኛው ቦታ ነው? ምዕራፍና አንቀጽ።
4. ስለ ግምቴ ምን ያህል እርግጠኛ ነኝ? ከአሥር።

ቀኑን ጽፎ ለአዘጋጁ ያሳያል፤ ከዚያ አጥፎ፣ በፖስታ አሽጎ ይሰጠዋል። ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። «ብቻ ሰውየው አላማረኝም» የሚል መልስ ሲመጣ አዘጋጁ ይመልሰው። አለማማሩ ከየት መጣ? ፈገግታው ተደጋግሞ ስለተጠቀሰ ነው? በሩን ሁልጊዜ ስለሚዘጋ ነው? ስሜት ከገጽ ላይ ነው የሚነሳው፤ ገጹን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ የአንባቢው ሥራ ነው።

ለምን በጽሑፍ? የሥነ ልቡና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ሰዎች በዓይናቸው የሚያዩትን የመስመር ርዝመት እንኳ አብረዋቸው የተቀመጡት በስህተት ሲመልሱ አብረው ይሳሳቱ ነበር። ከመልሶቹ ሲሦ ያህሉ ከተሳሳተው ብዙኃን ጋር ሄዷል። መስመር ላይ ይህ ከሆነ ልቦለድ ላይ የሚሆነውን አስቡት። በእኛ ክበቦች ደግሞ ዕድሜና ማዕረግ ይጨመርበታል፤ ጋሽ እገሌ «አማካሪው ነው» ካሉ በኋላ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዋ «እኔ እንኳ ጓደኛዋን ነው የጠረጠርኩት» ለማለት ይከብዳታል። ወረቀቱ ውስጥ ግን ጽፋዋለች።

ፍንጭ ወይስ የደራሲው ስህተት?

ተራኪው የማይታመን በሆነበት ልቦለድ ክርክር የሚነሳው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ እንዲህ የሚል ቦታ ገጠማችሁ እንበል፦

«ዶርም ስገባ መብራት የለም። ሳሮን ተኝታለች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ቀይ ደብተር ገና ከበሩ ሆኜ ታየኝ።»

መብራት ከሌለ ቀይነቱ እንዴት ታየ? አንዱ «ደራሲው ተሳስቷል» ይላል። ሌላው «ኮሪደር ላይ መብራት ይኖራል» ይላል። ሦስተኛው «ደብተሩን ያስቀመጠችው ራሷ ተራኪዋ ናት፤ ቀይ መሆኑን ድሮም ታውቃለች» ይላል። እዚያው ሆኖ መፍረድ አይቻልም። ቦታውን ምልክት አድርጉና እንዲህ ዓይነት መፋለስ ሌላ የት እንዳለ ፈልጉ። ግድ የለሽ ደራሲ የትም ይሳሳታል፤ አንዴ የሰዓት፣ አንዴ የስም፣ አንዴ የልብስ ቀለም። የታቀደ ውሸት ግን የሚያንዣብበው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው። ደብተሩ በተነሳ ቁጥር ተራኪዋ የምትፋለስ ከሆነ፣ ፍንጭ ነው። ለዚህ የሚረዳው አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ማስመር ነው፦ ተራኪዋ ያለችው፣ ሌላ ሰው ያየው፣ በቁስ የተረጋገጠው፤ ለምሳሌ የሬጅስትራር ወረቀት፣ የስልክ መልእክት፣ የጥበቃ መዝገብ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ ከቀጠለ የምታነቡት በሙሉ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው ማለት ነው።

አማርኛ ራሱ ለደራሲ የሚመች መደበቂያም አለው፤ አንባቢ ይህን ችላ ማለት የለበትም። ግሡ ጾታ ስለሚናገር ወንጀለኛን መደበቅ ያስቸግራል፤ «መጣ» ካለ ወንድ ነው፣ «መጣች» ካለ ሴት። አክብሮት ሲገባ ግን ሁሉም ይሰወራል። ጥበቃው «ማታ መጥተው ነበር» ቢል የመጡት አንድ ሰው ይሁኑ ብዙ፣ ወንድ ይሁኑ ሴት አልተነገረንም። አንባቢው ግን ከዚያ በፊት ያለውን ገጽ ስለ ፕሮፌሰሩ ሲያነብ ስለቆየ «ፕሮፌሰሩ ናቸው» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ስታገኙ ከሥሩ አስምሩ። እንዲሁም አማካሪዋን ለ200 ገጽ «እርስዎ» ስትል የኖረች ተማሪ በአንድ ንግግር ድንገት «ተወኝ» ካለችው፣ በመሐላቸው ያልተነገረን ነገር አለ። ያን አንድ ግሥ ማለፍ ግማሽ ታሪኩን ማለፍ ነው። የተተረጎመ መጽሐፍ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ለደራሲው አታሸክሙት፤ «አንተ» ወይም «እርስዎ» ብሎ የመረጠው ተርጓሚው ነው።

ዩኒቨርሲቲው ለምን ተመረጠ?

መቼቱን ለመመዘን አንድ ፈተና ይበቃል፦ ታሪኩን ከግቢው አውጥታችሁ ባንክ ቤት ውስጥ አስቀምጡት። ምንም ካልፈረሰ ዩኒቨርሲቲው ጌጥ ነው። ጥሩ የዩኒቨርሲቲ ልብ አንጠልጣይ ግን ይፈርሳል። ምክንያቱም የሚያስፈራው ነገር ከግቢው አሠራር ነው የሚወጣው። አንድ አማካሪ የጥናት ጽሑፉን «ገና ነው» ብሎ አንድ ዓመት ሊያስረዝም ይችላል፤ ተማሪው ደግሞ አቤት የሚልበት ቦታ የዚያው አማካሪ ባልደረባ ቢሮ ነው። ሰቃይ ተማሪ ደረጃውን ላለማጣት የሚያደርገው፣ ከቤተሰብ ርቆ ዶርም የገባ ፍሬሽማን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ማደሩ፣ ከግማሽ በላይ ተማሪ ወደ አገሩ ሲሄድ ባዶ የሚሆነው ግቢ፤ እነዚህ ናቸው የዘውጉ ጡንቻ። ለአንባቢዎች የሚቀርበው ጥያቄም «ግቢውን እንዴት አያችሁት?» ሳይሆን «ገፀ ባሕርይዋ ለምን ጥላ አልወጣችም?» መሆን አለበት። መልሱ ከግቢው አሠራር ከመጣ ደራሲው ሥራውን ሠርቷል። «ስለፈራች» ብቻ ከሆነ ጎድሏል።

ታሪኩ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ከውይይቱ በፊት መንገዱን በእግር ሂዱበት። ከአራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 ሐውልት ተነስታችሁ በአምስት ኪሎ በኩል እስከ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ውጡ። መንገዱ ዳገት ነው። ገፀ ባሕርዩ «በአምስት ደቂቃ በእግሩ ደረሰ» ከተባለና የጊዜ ማስረጃው በዚያ ላይ ከቆመ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ደራሲው ቦታውን አያውቀውም። ግቢው ውስጥ ለመግባት በር ላይ ስለምትጠየቁ መታወቂያ ያዙ።

እዚያ ግቢ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግቢው ቀድሞ ገነተ ልዑል የሚባል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ የታገቱ ባለሥልጣናት እዚያው ውስጥ ተገድለዋል። ግቢው ዩኒቨርሲቲ የሆነው በማግሥቱ ዓመት በ1954 ዓ.ም. ነው። የተማሪዎች መሪ የነበረው ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ተገደለ፤ ከዚያ የቀይ ሽብር ዓመታት ተከተሉ። በዚያ ዘመን ተማሪ የነበረ አንባቢ «ጆሮ ጠቢ» የሚለውን ቃል ገጽ ላይ ሲያይ፣ የሃያ ዓመት ወጣት የማይሰማውን ይሰማዋል። ሁለቱም አስተያየት ትክክል ነው፤ ግን ለየብቻ ይመዝገብ። ደራሲው ራሱ የገነባው ፍርሃት አንድ ነገር ነው፣ ከታሪክ የተበደረው ሌላ። የግቢውን ስም በመጥራት ብቻ አንባቢን ያስፈራ መጽሐፍ፣ ስሙን ወደ ሌላ ከተማ ግቢ ስትቀይሩት ይከዳችኋል።

ሥነ ልቡናው ሲፈተሽ

እዚህ ላይ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ሦስት የተለመዱ ስህተቶችን ማወቅ ይበቃል። አንደኛ፣ ስኪዞፍሬንያ «ሁለት ሰው መሆን» አይደለም። መጽሐፉ እንዲያ ካለ ስህተት ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። ሁለተኛ፣ የተረሳ ትዝታ እንደ ፊልም ሙሉ ሆኖ አይመለስም። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎቹ ሎፍተስና ፓልመር በ1974 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በመኪና ግጭት ጥያቄ ውስጥ አንድ ግሥ መቀየር ብቻ ሰዎች ፍጥነቱን የሚገምቱበትን መጠን ቀይሮታል። ትዝታ እንዲህ በጥያቄ የሚጣመም ከሆነ፣ መርማሪው ለተራኪዋ ያቀረበውን ጥያቄ ከትዝታዋ እኩል መርምሩት። ሦስተኛ፣ ተማሪን መሣሪያ ያደረገ ምስጢራዊ ሙከራ ሲመጣ «የማይሆን ነው» አትበሉ። ተማሪዎች እስረኛና ጠባቂ ሆነው የተሳተፉበት የስታንፎርዱ የእስር ቤት ሙከራ በነሐሴ 1971 እ.ኤ.አ. ለሁለት ሳምንት ታቅዶ በስድስት ቀን የተቋረጠው በእውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ዛሬ እንዲህ ያለ ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ደራሲው ይህን በር በምን አለፈው?

ገፀ ባሕርይን «አማኑኤል ነው» እያሉ መሳቅ በውይይቱ ክልክል ይሁን። ከሰባት ሰው መሐል ቤቱ ውስጥ የታመመ ያለው መኖሩ አይቀርም፤ ያ ሰው ከዚያ በኋላ አፉን አይከፍትም።

የውይይቱ ቀን

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሩና 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ የታክሲ ሰልፍ የሁሉንም ልብ ይወስዳል። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለብቻ ለማንበብ ጥሩ ነው፤ የንባብ አዳራሹ ግን ለክርክር አይሆንም። ካፌ ከሆነ ከማኪያቶ ማሽኑ የራቀ ጥግ ያዙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ካለው ቤት ሽሹ፤ ዝናቡ ከመጣ የአጠገባችሁን ሰው እንኳ አትሰሙም።

ፖስታዎቹ ይከፈቱና አዘጋጁ ስም ሳይጠራ ያንብባቸው። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። የማን እንደሆነ ራሱ ባለቤቱ ከፈለገ ይናገራል። ከዚያ ንግግሩ ከትንሹ ይጀመር፤ ታላላቆቹ በመጨረሻ።

ቀጥሎ የሚመጣው «ተጭበርብረናል ወይ?» ነው፤ ለዚህ ሰፊ ጊዜ ስጡ፣ አርባ ደቂቃ ያህል። ክርክሩ እንዳይዞር በሦስት ጥያቄ እሰሩት። ገጹ ራሱ ዋሽቶናል ወይስ እኛ በራሳችን ገምተን ተሳሳትን? ከሁለተኛው ማቆሚያ በፊት ቢያንስ ሦስት ፍንጭ በምዕራፍና በአንቀጽ ማሳየት እንችላለን? ተራኪዋ እውነቱን ለመደበቅ በታሪኩ ውስጥ ምክንያት ነበራት ወይስ የደበቀችው ደራሲው ስለፈለገ ብቻ ነው? ሦስተኛው ላይ የወደቀ መጽሐፍ አጭበርባሪ ነው፤ ጡዘቱ ምንም ያህል ቢያስደነግጥ አይድንም።

ከዚያ ምዕራፍ አንድን እንደገና፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ብዙ ክበብ ይህን ይዘልለዋል፣ እኛ ግን ከቀኑ ሁሉ ጠቃሚው ደቂቃ ይህ ነው እንላለን። መጨረሻውን ካወቃችሁ በኋላ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሌላ መጽሐፍ ሆኖ ካልተነበበ፣ ንግር፣ ማለትም ኋላ ለሚመጣው አስቀድሞ የሚጣል ፍንጭ፣ ያልተዘራበት ሥራ ነው። ጥሩ የሆነ ግን ሦስተኛው አረፍተ ነገር ላይ ሰው ያስቆማል።

አስተያየቱን ለሌላ አንባቢ መጻፍ

ከ150 እስከ 200 ቃል ይበቃል። ከመጽሐፉ የመጀመሪያ አሥር በመቶ ያለፈ ክስተት አይጠቀስ። «መጨረሻው ፍጹም ያልጠበቅኩት ነው» ማለትም ምስጢር ማውጣት ነው፤ ይህን ያነበበ ሰው እያንዳንዱን ገጽ በጥርጣሬ ስለሚያነብ ደራሲው የገነባው አይሠራለትም። «ማንንም እንዳታምኑ» የሚለውም ያው ነው።

በዚያ ፈንታ የማንበብን ስሜትና የሥራውን ጥራት ጻፉ። «ደስ ይላል፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረስኩት» ለማንም ምንም አይነግርም። «የመጀመሪያዎቹ ስልሳ ገጾች ቀርፋፋ ናቸው፤ የዶርሙ ኑሮ ግን በዝርዝር የተሠራ ነው፤ በተማሪዋና በአማካሪዋ መካከል ያለው ንግግር ከሁሉ ይበልጣል፤ የፖሊስ ምርመራው ክፍል ችኮላ አለበት» ቢባል ገዢው የሚወስነው ነገር ያገኛል። ራስን ስለ መግደል ወይም ስለ ጾታ ጥቃት የሚያነሳ ትዕይንት ካለ፣ የት እንደሆነና በማን ላይ እንደሆነ ሳትናገሩ መኖሩን ብቻ ግለጹ።

ደራሲውን ወይም ደራሲዋን የምትጋብዙ ከሆነ ግብዣው ከዚህ ውይይት በኋላ፣ በሌላ ቀን ይሁን። ደራሲ ባለበት የተታለለ «ተታልያለሁ» አይልም፣ የተሰላቸም ዝም ይላል። የግምት ወረቀቶቹን ቀድማችሁ በኮፒ ስጧቸው። አንባቢው በሁለተኛው ማቆሚያ ላይ ማንን እንደጠረጠረና በየትኛው አንቀጽ ምክንያት እንደሆነ ማየት፣ ከማንኛውም ምስጋና በላይ ለቀጣዩ መጽሐፍ የሚጠቅማቸው እሱ ነው። «ይህ በራስዎ የደረሰ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቅር፤ «ምዕራፍ 9 ላይ ደብተሩን ቀይ ያደረጉት መቼ ነው፣ ሲጽፉ ወይስ ሲያርሙ?» ብላችሁ ጠይቁ።